እማማ ቤት የተሰቀለው የአይጠየፍ ሥዕል፦ ይታጠብ? ይሸጥ? ስንት ዓመቱ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ ካሠሩባት ከተማ። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አያቴ ቤት ሳሎን ውስጥ በእንጨት ፍሬም የተሰቀለ ትልቅ ሥዕል አለ። ስፋቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጨርቅ ላይ የተሣለ ነው፤ መስታወትም አለው። የንጉሥ ሚካኤል ግቢ ነው ሲባል ነው ያደግነው። መሃሉ ላይ አዳራሽ አለ፤ ውስጡ ግብር እየተበላ ነው። በግራ በኩል ሽርጥ ያገለደሙ ሰዎች፣ በቀኝ በኩል ቀሳውስት ተቀምጠዋል። ከሥሩ ጽሑፍ አለው፤ ግን ስለጠቆረ ‹ንጉሥ ሚ...› ከሚለው በቀር አይነበብም። አጎቴ በላርጎ እንጠበው ይላል። ባለፈው ደግሞ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ አየው፤ ዋጋ ሰጠንና ቶሎ ወስኑ አለን። እውነት የንጉሡ ዘመን ሥዕል ነው? እንዴት እናጽዳው? ብንሸጠውስ?»

እኅቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። የላክሻቸውን ሁለት ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ሥዕሉ ጠቁሯል እንጂ አልጠፋም። ለአጎትሽ ግን ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ላርጎውም ውኃውም ይቅር።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እኛ አገር ጨርቅ ላይ ሲሣል የኖረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አቡጀዲ ይወጠራል። በላዩ ላይ ጄሶ በሙጫ ተለውሶ ይቀባል። ሲደርቅ ቀለሙ ይሣልበታል። ቀለሙን አጣብቆ የሚይዘውም ብዙውን ጊዜ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ወይም እንቁላል ነው። የቆዳ ሙጫ በውኃ ነው የሚሟሟው። ከመቶ ዓመት በኋላም ውኃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። እርጥብ ጨርቅ ስታሳልፊበት መጀመሪያ የሚነሣው ጥቀርሻው ነው፤ ደስ ይልሻል። ስትደግሚው ግን የሚነሣው የፈረሱ ዓይን ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐይቅ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ የዓድዋ ሥዕል ነበር። ሠርግ ደርሶ ስለነበር ልጆቹ ቤቱን ሲያሰማምሩ ሥዕሉንም በሞቀ ውኃና በሳሙና ጠረጉት። እኔ ስደርስ ያገለገለው ጥጥ ሳህን ላይ ተከምሯል። ጥጡ ሰማያዊ ነበር። የሥዕሉ ሰማይ እዚያ ሳህን ላይ ነው ያለው። እናትየው ቡና እያቀረቡልኝ «ነጣልን አይደል?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያ ሳህን ይታየኛል።

ሎሚም እንዳትሞክሩ። ሎሚ ለነሐስ ዕቃ ጥሩ ስለሆነ ለሥዕልም ጥሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በብዙ ሥዕሎች ላይ የምናየው ደማቅ ሰማያዊ አልትራማሪን የሚባለው ነው። ፋብሪካ ሠርቶ ማውጣት የጀመረው በ1820ዎቹ ማብቂያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ድሮ ነጭ ልብስ ማጥሪያ ሆኖ በየሱቁ ይሸጥ የነበረው ሰማያዊ ዱቄትም ይኸው ነበር። ይህ ቀለም አሲድ አይችልም። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው ሰማያዊነቱ ይጠፋና ግራጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። የምግብ ዘይት መቀባትም እንደዚሁ ነው። ለጥቂት ቀን ያደምቀዋል፤ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ አቧራውንም ይዞ ይደርቃል።

አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የጠቆረው ግማሹ ሥዕሉ ሳይሆን መስታወቱ ይመስለኛል። በሁለተኛው ፎቶ ላይ፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ፣ የአንድ ሰው ጣት መስታወቱን ነክቶ ያለፈበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ ቀለሙ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ፍሬሙን አውርዱና ጠረጴዛ ላይ በብርድ ልብስ ላይ አጋድሙት። ትንሽ እርጥበት ባለው ጨርቅ የመስታወቱን ውጪ ብቻ ጥረጉ። መስታወቱ ላይ ምንም ነገር አትርጩ፤ ፈሳሹ በፍሬሙ ጠርዝ ሾልኮ ይገባል። ይህን ብቻ አድርጋችሁ ጽሑፉ ይነበብ እንደሆነ እዩ።

መስታወቱን ለማውጣት ግን አትቸኩሉ። በታችኛው ግራ ጥግ ቀለሙ መስታወቱ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የክረምቱን ጉምና ርጥበት አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መስታወት ሥዕሉን ነክቶ ሲቀመጥ ሌሊት ውስጡ ላብ ይይዛል። ሙጫው ይለሰልስና ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በጉልበት ከተላቀቀ ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይሄዳል። ይህ የባለሙያ እጅ ያስፈልገዋል። እስከዚያ ድረስ እንዳለ ይቆይ።

ወደ ዕድሜው ልምጣ። ሰው ሁሉ ሥዕል ሲጠቁር ያረጀ ይመስለዋል። ጥቁረት ግን የጭስ ምስክር ነው። ወሎ ቤት ቡናው በቀን ስንቴ ነው የሚፈላው? ዕጣኑስ? ከረከቦቱ በላይ አሥር ዓመት የተሰቀለ ሥዕል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ሰማንያ ዓመት ከተቀመጠው በላይ ሊጠቁር ይችላል። ለነጋዴም ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። አዲስ ሥዕል በጭስ አጥቁሮ «አንቲክ» ብሎ መሸጥ ቀላል ነው።

ዕድሜ የሚጠየቀው ጀርባ ነው። እኔ ሥዕል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። እናንተም ፍሬሙን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ምን ተመትቷል? ማዞኒት (ከእንጨት ጭረት የተጨመቀው ስስ ሰሌዳ) ከሆነ፣ ማዞኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው በ1920ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ደሴ ለመድረስም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጀርባው የንጉሡ ዘመን አይደለም ማለት ነው። ይህ ግን ሥዕሉን አዲስ አያደርገውም። ፍሬም ይቀየራል፤ ሥዕል ከነበረበት ወጥቶ ሌላ ፍሬም ይገባል። ጋዜጣ ተለጥፎበት ከሆነ ደግሞ እሰየው! ፍሬም ሠሪዎች ክፍተቱን በጋዜጣ መድፈን ይወዱ ነበር። አዲስ ዘመን መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ቀን ያለበት ቁራጭ ካገኛችሁ ፍሬሙ ከዚያ ቀን በፊት አልተሠራም። ቁራጩን አትላጡት። ፎቶ ብቻ አንሡት።

ጨርቁንም በጠርዙ በኩል እዩት። ማታ መብራት አጥፉና ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ መብራት አብሩበት። በፋብሪካ የነጣ የቅርብ ጊዜ ጨርቅ በዚያ ብርሃን እንደ ሠርግ ሸሚዝ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የሚያበራው ኬሚካል በጨርቅ ላይ የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አሮጌ አቡጀዲ ደብዝዞ፣ ቢጫማ ሆኖ ነው የሚታየው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ኦሞም ያው ኬሚካል አለበት። ከዚህ በፊት አንድ ሰው በሳሙና ነካክቶት ከሆነ አሮጌውም ያበራል። ስለዚህ እማማን ጠይቂያቸው፤ ታጥቦ ያውቃል ወይ?

በሥዕሉ ላይ ያለውን ነጭ ቀለምም በዚሁ መብራት እዪው። ዚንክ የሚባለው ነጭ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቲታኒየም የሚባለው አያበራም፤ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ቲታኒየም ለሠዓሊ ገበያ የወጣው ከ1920 ገደማ ወዲህ ነው፣ አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። በእጅ መብራት ብቻ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲደመር ግን ብዙ ይረዳል።

አሁን ወደ ሥዕሉ ፊት እንመለስ። ልቤን የወሰደው ይኼ ነው።

ጽሑፉ «ንጉሥ» የሚል ከሆነ አንድ ነገር እናውቃለን። ሚካኤል ከወረ ሂመኖ ባላባቶች ቤት ተወለዱ፤ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖት ከጠሩት ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ፤ ራስ ሚካኤልም ተባሉ። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ በኋላ በምኒልክ እግር የተተኩትን ልጅ ኢያሱን ወለዱ። መቀመጫቸው መጀመሪያ ጠንታ ነበር፣ በኋላ ደሴ። ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1906 ዓ.ም. ነው። በሰገሌው ጦርነት ድል የተነሡት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ የተቀመጡት ከሦስት ዓመት አይበልጥም። ጽሑፉ ከ1906 ወዲህ የተጻፈ ነው። ይህ መነሻው ነው፤ መድረሻውን አይነግረንም። ከሰገሌ በኋላም ሰው ለንጉሡ ፍቅር ሲል ሊያሥል ይችላል። ደሴ የወይዘሮ ስሂንን ስም እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቷ የምትጠራ ከተማ ናት። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ነበሩ። ያ ቤት ከሰገሌ በኋላም ወዳጅ አላጣም።

ከንጉሡ አጠገብ ወጣት መስፍን አለ ወይ? በፎቶው ላይ አንድ ጥላ አያለሁ፤ ግን አልለየሁትም። ኢያሱ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የኢያሱን መልክ ሳሎን ላይ ሰቅሎ እንግዳ መቀበል ቀላል አልነበረም። ወይ ከዚያ በፊት የተሣለ ነው፣ ወይ ተደብቆ የኖረ ነው፣ ወይ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ሦስቱም ታሪክ አላቸው።

አዳራሹ አይጠየፍ መሆኑን ግን ከነገርሽኝ አቀማመጥ ብቻ ለማመን ተቃርቤያለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማንንም አይጠየፍም። ወሎ ድግስ ሲደገስ ሁለት እርድ ነው፣ የእስላሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። ዳሱ አንድ ነው፤ ጨዋታው አንድ ነው። ገበያ ላይ የሚታየው የተለመደ የግብር ሥዕል ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ጠጁን፣ ቁርጡን ያሳያል፤ ያልቃል። ያንቺ ሠዓሊ ግን ሽርጥ ያገለደሙትን በአንድ ወገን፣ ቀሳውስቱን በሌላ ወገን አስቀምጧል። ይህን አስቦ የሚሥል ሰው የወሎን ማዕድ የሚያውቅ ሰው ነው። እባክሽ ጠጋ ብለሽ እዪው። ሥጋ ተሸክመው የሚያልፉት አሽከሮች ስንት ናቸው? ሁለቱ ወገን ጋ የሚሄዱት የተለያዩ ናቸው ወይስ አንድ አሽከር ለሁለቱም ያቀርባል? ብርሌ የተያዘው በየትኛው ወገን ነው? ሠዓሊው ይህን ለይቶ ከሆነ፣ ይህ ሥዕል ከየትኛውም ዋጋ በላይ ሰነድ ነው።

ሕንጻውን ግን በሥዕሉ አትለኪው። የእኛ ሠዓሊዎች ቤቱን ከውጭም ከውስጥም በአንድ ጊዜ ነው የሚያሳዩት። ግድግዳው እንደ መጋረጃ ተገልጦ ውስጡ ይታያል፤ ጣሪያው ደግሞ ከላይ እንዳለ ነው። ንጉሡ ከሌላው ሁሉ ገዝፈው ይሣላሉ። ስለዚህ አዳራሹ ትንሽ ቢመስልሽ፣ ሰዎቹ በዝተው ነው። ሌላም ልብ የምትዪው አለ። ከፈረሶቹና ከምሰሶዎቹ ሥር መሬት ላይ ጥላ ወድቋል? የጥንቱ አሣሣል ጥላ አያውቅም። ጥላ ካለ ሠዓሊው ከፎቶግራፍ ገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዘመናዊ የሥዕል ትምህርት የቀመሰ ነው። የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ነው። የሥዕሉን ፎቶ በስልክሽ ይዘሽ ወደ አይጠየፍ ሂጂ። በሮቹን፣ መስኮቶቹን፣ ከጀርባ ያለውን የጦሳን ተራራ አስተያዪ። ተራራው በትክክለኛው ወገን ካለ ሠዓሊው እዚያ ቆሟል ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በባትሪ አድርጊ። ክፍሉን አጨልመሽ የስልክሽን መብራት ከጎን፣ ከፍሬሙ ጋር ትይዩ አድርገሽ ያዢው። ብርሃኑ በሥዕሉ ላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ የቀለሙ ጉብታና ስንጥቅ ይወጣል። የጽሑፉ ፊደላት ከሥር ካለው ቀለም ስንጥቅ በላይ ያለፉ ከሆኑ ጽሑፉ በኋላ የተጨመረ ነው። ይህ ሲያጋጥመኝ አይገርመኝም። ለሥዕል ስም የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤት ሲቀየር ስምም ይቀየራል።

አሁን የት እንደሚሰቀል ላንሣ። ከቡናው በላይ አይሁን። ፀሐይ የምታገኘው ግድግዳ ላይ አይሁን። ዝናብ ከውጭ የሚመታው ግድግዳ ላይም አይሁን። ከፍሬሙ ጀርባ፣ ከታች ሁለቱ ጥግ ላይ፣ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጣችሁ ለጥፉ። ሥዕሉና ግድግዳው መካከል የጣት ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ አየር ይዘዋወራል። ይህች ሁለት ቁራጭ ቡሽ በክረምት የምትሠራውን ሥራ ስንት ውድ ነገር አይሠራውም። ጀርባው ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ሥዕሉን ከሰው ራቅ አድርጉና ጥላ ሥር፣ ነፋሻ ቦታ ይድረቅ። ቤት ውስጥ አታራግፉት፤ ለእማማ ሳንባ ጥሩ አይደለም። የፍሬሙን አቧራ ለማንሣት ንጹሕ የጺም ብሩሽ ይበቃል።

ስለ ሽያጩ በአጭሩ ልናገር። ቶሎ ወስኑ የሚል ገዢ የሚያውቀውን እናንተ ሳታውቁት እንድትወስኑ ይፈልጋል። ሥዕሉ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዋጋ የለውም፤ የተሰጣችሁ ዋጋም ዋጋ አይደለም። ለማየትም ቢሆን «ልውሰደውና ላስመርምረው» ካለ እምቢ በሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግል እጅ ሊሆን ይችላል፤ የመጠበቁ ኃላፊነት ግን የባለቤቱ ነው። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ወደ ሌላ ሰው ከማስተላለፍ በፊትም የቅርስ ባለሥልጣኑን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ጥገናም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የከተማችሁ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ማስመዝገብ ማስረከብ አይደለም። ሥዕሉ እማማ ግድግዳ ላይ ይቆያል። ቢሰረቅ ግን ፎቶውና ልኩ መዝገብ ላይ አለ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ የሆነውን የከተማው ሰው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የቀረው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል።

የእኔን ግምት ከፈለግሽ፣ ከሁለት ፎቶ የሚታየኝ እንዲህ ነው። የሰማዩ ሰማያዊ፣ ፊቶቹ ከፊት ለፊት ሙሉ ሆነው መሣላቸውና የዓይኖቹ ትልቀት የድሮውን እጅ ያስታውሰኛል። ፍሬሙ ግን ከሥዕሉ ያነሰ ዕድሜ ያለው ይመስላል። ከመስታወቱ ሥር ሥዕሉ ራሱም ጠቆር ካለ፣ መስታወቱ ከመግባቱ በፊት ብዙ ዓመት ተራቁቶ ተሰቅሏል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ጀርባውን ሳላይ አልናገርም።

የጀርባውን፣ የአራቱን ጥግና የጽሑፉን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሥተሽ ላኪልኝ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡናው ሲፈላ፣ እማማ አጠገብ ተቀመጪ። ስልክሽን መቅረጫው ላይ አድርጊና ሥዕሉን አውርደሽ ፊታቸው አቁሚው። «ይሄ ማነው?» እያልሽ በጣትሽ አንድ በአንድ ጠይቂያቸው። ስማቸውን የሚያውቁት ሰው ካለ፣ ሥዕሉን ማን እንዳመጣው፣ ከየት ቤት እንደመጣ፣ ጣሊያን ደሴን ሲደበድብ የት እንደነበረ፣ ማን እንደደበቀው ይንገሩሽ። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከእናታቸው የሰሙት ሊኖር ይችላል። አታርሚያቸው፣ አታቋርጪያቸው። ግራ ወገን የተቀመጠውን ባለ ሽርጥ ሰውዬ ሲደርሱበት ግን ቆም በይ። እዚያ ጋ ዝም ካሉ ጠብቂያቸው።